ሳይቃጠል በቅጠል፦ ወጣቶች ትምባሆን ለመከላከል ያደረጉት ዘመቻ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች አነጋገር፣ እሳት ገና ሲጀምር በጥቂት ቅጠል ተመትቶ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ከተዛመተ በኋላ ግን ብዙ ውኃም እንደማይበቃው ያስተምረናል። ይህ አባባል ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለትምባሆ ግን ከሁሉ ይበልጥ ይስማማል። ምክንያቱም የትምባሆ ሱስ ሰውን የሚይዝበት ዕድሜ የታወቀ ነው። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች እንደተረጋገጠው፣ በየቀኑ ከሚያጨሱ ዐዋቂዎች መካከል ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል የመጀመሪያዋን ሲጋራ የቀመሱት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። እስከ 26 ዓመቱ ድረስ ሳያጨስ የቆየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚጀምርበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ እሳቱ የሚለኮሰው በተማሪነት ዘመን ከሆነ፣ ቅጠሉን ይዞ መቆም ያለበትም ተማሪው ራሱ ነው ማለት ነው።

የሚከተለው ጽሑፍ በአንድ አገር የሚገኙ ተማሪዎች ይህንኑ ተግባር እንዴት እንደፈጸሙት፣ ምን ውጤት እንዳገኙና ምን እንቅፋት እንደገጠማቸው ያስረዳል። የውጭ አገር ታሪክ የተፈጸመባቸው ዓመታት የተገለጹት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብ።

1. የትምባሆ ጠባይ

ትምባሆ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ተክል ነው። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አውሮፓውያን ወደዚያ ከተሻገሩ በኋላ ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ። ወደ አገራችንም ገብቶ አንዳንዱ በጋያ ሲያጨሰው፣ ሌላው በሱረት መልክ ወደ አፍንጫው ሲስበው ኖሯል። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናየው ከፍተኛ ጉዳት የመጣው፣ ትምባሆ በመኪና ተጠቅልሎና በወረቀት ተሸፍኖ፣ በርካሽ ዋጋ በየሱቁ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ነው።

ከሲጋራ የሚወጣው ጢስ ከ7,000 በላይ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ከእነዚህም መካከል ቢያንስ 70 ያህሉ ካንሰር የሚያስከትሉ ናቸው። ቅጥራኑ በሳንባ ውስጥ እየተለጠፈ የመተንፈሻ አካልን ያበላሻል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ደግሞ ደም ሊሸከመው የሚገባውን ኦክሲጅን ቦታ ይሻማል። ኒኮቲን የተባለው ንጥረ ነገር ግን ሥራው ከእነዚህ ልዩ ነው። ጢሱ በተሳበ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርስና ደስታ የመሰለ ስሜት የሚያሳድሩ ኬሚካሎች እንዲመነጩ ያደርጋል። ስሜቱ ግን ወዲያው ስለሚጠፋ አንጎል ሌላ ይጠይቃል፤ ሲከለከልም ሰውየው ይበሳጫል፣ ይጨነቃል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያጨስ ሰው የሚያጨሰው ደስታ ለማግኘት ሳይሆን፣ ሲጋራው ራሱ ያመጣበትን ጭንቀት ለማስታገሥ ነው።

የወጣት አንጎል እስከ 25 ዓመት አካባቢ ድረስ በማደግ ላይ የሚገኝ ስለሆነ ለሱስ የተጋለጠ ነው። «አንዷ ምን ታደርገኛለች?» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን ያሳተው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት ትምባሆ በያመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ሕይወት ይቀጥፋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ጢስ በመተንፈሳቸው ብቻ የሚሞቱ ናቸው።

2. ሻጩ ወጣቱን ለምን ይፈልገዋል?

ማንኛውም ነጋዴ ደንበኛውን ማጣት አይፈልግም። የትምባሆ ነጋዴ ግን ከሌሎች ነጋዴዎች የተለየ ችግር አለበት፤ ይኸውም ዕቃው ደንበኛውን የሚገድል መሆኑ ነው። ማጨስ ካላቆሙት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት የሚሞቱት በዚሁ በትምባሆ ጠንቅ ነው። ሌሎችም እየታመሙና እየመከሩ ይተዉታል። ስለዚህ ገበያው እንዳይዘጋ የሞቱትንና የተዉትን የሚተካ አዲስ አጫሽ በየጊዜው መገኘት አለበት። ዐዋቂ ሰው ደግሞ፣ ከላይ እንደተመለከተው፣ አዲስ አጫሽ አይሆንም። እንግዲያውስ ተተኪው ከየት ይምጣ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ከወጣቱ ነው።

ይህ ተራ ግምት አይደለም። በአሜሪካ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት በ1990ዎቹ ዓመታት ይፋ የሆኑት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የኩባንያዎች የውስጥ ሰነዶች ይህን በግልጽ አረጋግጠዋል። ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ በተጻፉት ማስታወሻዎች ውስጥ የኩባንያዎቹ ባለሙያዎች የወጣቶችን ጠባይ፣ ምርጫና ፍላጎት እያጠኑ፣ የነገው ገበያ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ለአለቆቻቸው ያስረዱ ነበር። ከ1988 እስከ 1997 ድረስ አንድ ኩባንያ መነጽር ያጠለቀ፣ ዘናጭ የግመል ሥዕል ለማስታወቂያው ይጠቀም ነበር። በ1991 የታተመ ጥናት እንደገለጸው፣ በጥናቱ ከተጠየቁት የስድስት ዓመት ሕፃናት 91 ከመቶ የሚሆኑት ግመሉን ከሲጋራ ጋር በትክክል አዛምደውታል። ይህም የታወቀችውን የካርቱን አይጥ ሚኪ ማውስን ከለዩት ሕፃናት ቁጥር ጋር የተቀራረበ ነበር።

በሚያዝያ ወር 1994 የሰባት ታላላቅ የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያዎች የበላይ ኃላፊዎች በአገሪቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ በመሐላ ተናገሩ። የአገሪቱ ከፍተኛ የጤና ባለሥልጣን ግን ኒኮቲን ሱስ አስያዥ መሆኑን በ1988 ባወጡት ዘገባ አስረድተው ነበር። ሕዝቡ መሐላውን ከሰነዶቹ ጋር ባስተያየው ጊዜ ቁጣው በረታ። ከዚህ በታች የምናየው የወጣቶች ዘመቻ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው።

3. የፍሎሪዳ ተማሪዎች

ፍሎሪዳ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት። የክፍለ ግዛቷ መንግሥት በትምባሆ ምክንያት ለታመሙ ድኾች ሕክምና ያወጣውን ገንዘብ እንዲመልሱለት ኩባንያዎቹን ከሰሰ። በነሐሴ ወር 1997 ኩባንያዎቹ ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ በየጊዜው ለመክፈል ተስማምተው ከክርክሩ ወጡ። ከስምምነቱም ውስጥ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጣቶችን ከማጨስ ለመጠበቅ በሚደረግ የሁለት ዓመት የሙከራ ሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ።

በዚያን ጊዜ የክፍለ ግዛቷ ገዥ የነበሩት ሎውተን ቻይልስ ነበሩ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ለሐኪሞችና ለመምህራን ብቻ ሊተዉት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ከዚህ በፊት ተማሪዎችን «አታጭሱ፤ ያስቀስፋችኋል» እያሉ ማስጠንቀቅ እምብዛም እንዳልጠቀመ ያውቁ ነበርና፣ ወጣቶቹን ራሳቸውን ለመጠየቅ ወሰኑ። በመጋቢት ወር 1998 ከየአውራጃው የተውጣጡ በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድነት ተሰብስበው መከሩ። በዚህ ስብሰባ «ትምባሆን የሚታገሉ ተማሪዎች» የሚል ማኅበር ተመሠረተ፤ ዘመቻውም «እውነት» ተብሎ ተሰየመ።

ወጣቶቹ የተናገሩት ቃል ዐዋቂዎቹ ከጠበቁት የተለየ ነበር። ማጨስ እንደሚገድል አስቀድመው እንደሚያውቁ፣ ይህን ደጋግሞ መስማት እንደሰለቻቸው ገለጹ። የማያውቁትና ሲሰሙትም ያስቆጣቸው፣ ኩባንያዎቹ እነርሱን እንደ ዓሣ በመንጠቆ ሊይዟቸው መሞከራቸው ነበር። በመሆኑም ዘመቻው አጫሹን የሚያሳፍር ሳይሆን ሻጩን የሚያጋልጥ እንዲሆን ተስማሙ።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። በቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ላይ ወጣቶች ወደ ማስታወቂያ ድርጅቶችና ወደ ትምባሆ ኩባንያዎች ስልክ እየደወሉ ሰውን ስለሚገድል ዕቃ ሲጠይቁ ይታዩ ነበር። በዚያው ዓመት በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ተማሪዎቹ «የእውነት ባቡር» በተባለ ጉዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ሕዝቡን አስተማሩ፤ ገዥው ቻይልስም በጉዞው አብረዋቸው ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ከየመጽሔቱ የሲጋራ ማስታወቂያዎችን እየቀደዱ፣ «አልተቀበልነውም» የሚል ትርጉም ያለው ወረቀት እየለጠፉ ለኩባንያዎቹ መልሰው ላኩላቸው። ማኅበሩም በ67ቱም አውራጃዎች ቅርንጫፍ አቋቋመ።

ውጤቱ በወሬ ሳይሆን በቁጥር ተመዘነ። ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት በ1998፣ ቀጥሎም በ1999 እና በ2000 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ጥናት ተካሄደ። በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያጨሱት ተማሪዎች በ1998 ከመቶ 18.5 ነበሩ፤ በ2000 ግን ወደ 11.1 ዝቅ አሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ከ27.4 ወደ 22.6 ወረዱ። ታናናሾቹ ከታላላቆቹ ይልቅ የተለወጡበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሱሱ ገና ያልያዘውን መጠበቅ፣ የያዘውን ከማላቀቅ ይቀላልና ነው።

4. ዘመቻው የተሳካበት ምክንያት

የፍሎሪዳ ሥራ የሌሎችን ዓይን ሳበ። በኅዳር ወር 1998 46 የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ጋር በተፈራረሙት ስምምነት በተገኘው ገንዘብ አንድ ብሔራዊ ድርጅት ተቋቁሞ፣ በ2000 «እውነት» የተባለውን ዘመቻ በመላው አገሪቱ አስፋፋው። በዚሁ ዓመት በተሠራ አንድ የታወቀ ማስታወቂያ፣ ወጣቶች በኒውዮርክ ከተማ በአንድ ታላቅ የትምባሆ ኩባንያ ሕንፃ ፊት ለፊት 1,200 የአስከሬን ከረጢቶች ደረደሩ። ቁጥሩ የተመረጠው በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በየቀኑ በትምባሆ ምክንያት የሚሞቱትን ሰዎች እንዲያመለክት ነው። ስድብም ሆነ ዛቻ አላስፈለገም፤ ቁጥሩ ራሱ ተናገረ።

በ2005 የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ በዚህ ዘመቻ ምክንያት በ2002 በአሜሪካ የነበሩት ወጣት አጫሾች ቁጥር ዘመቻው ባይኖር ኖሮ ሊሆን ከሚችለው በ300,000 ያህል ያነሰ ነበር።

ይህ ውጤት ከሌላ ዘመቻ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1998 ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ ራሱ ወጣቶች እንዳያጨሱ የሚመክር ማስታወቂያ ማሰራጨት ጀምሮ ነበር። መልእክቱም በአጭሩ፣ አስባችሁ ከማጨስ ተቆጠቡ የሚል ነበር። በ2002 የታተመ ጥናት ግን የኩባንያውን ማስታወቂያ ያዩ ወጣቶች ለማጨስ ያላቸው ዝንባሌ እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ትንሽ እንደጨመረ አመለከተ። ሁለቱም ዘመቻዎች ስለ አንድ ጉዳይ የተናገሩ ሲሆኑ ውጤታቸው የተለያየው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ተናጋሪው ነው። ወጣት የእኩያውን ቃል ይሰማል፤ በተለይም ከሽያጩ የሚጠቀም ሰው ሲመክረው ይጠራጠራል። ሁለተኛው ምክንያት የመልእክቱ አቅጣጫ ነው። ወጣትነት ነጻነትን የሚሻበት ዘመን ነው፤ ብዙ ወጣቶች ሲጋራ የሚለኩሱትም «ማንም አያዝዘኝም» ለማለት ነው። የ«እውነት» ዘመቻ ይህን ስሜት አልተቃወመውም፤ ይልቁንም አቅጣጫውን ለወጠው። ሲጋራ የሚለኩሰው ወጣት ራሱን ነጻ ያወጣ ቢመስለውም፣ በሩቅ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ያቀደለትን እየፈጸመ መሆኑን አሳየው። ሦስተኛው ምክንያት ማስረጃው ነው። ዘመቻው የተመሠረተው በኩባንያዎቹ የገዛ ሰነዶችና በተመዘነ ቁጥር ላይ እንጂ በማስፈራራት ላይ አልነበረም። አራተኛው ደግሞ ዘመቻው ብቻውን አለመቆሙ ነው፤ የሲጋራ ዋጋ መጨመሩና የሕጉ መጥበቅ አብረው ረድተውታል።

5. ከድል በኋላ የመጣ ፈተና

የፍሎሪዳ ታሪክ በድል ብቻ አላበቃም። ቻይልስ በታኅሣሥ ወር 1998 በሞት ተለዩ። በ1999 የክፍለ ግዛቷ ምክር ቤት የዘመቻውን በጀት በእጅጉ ቀነሰው፤ በ2003 ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ወረደ። ኩባንያዎቹ ለማስታወቂያ ከሚያወጡት ጋር ሲተያይ ይህ ገንዘብ ከምንም አይቆጠርም ነበር። ውጤቱ በቁጥር የተረጋገጠ ሥራ ገንዘብ በማጣት ተዳከመ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚሁ አልቀረም። በ2006 የፍሎሪዳ ሕዝብ በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ፤ ከትምባሆ ኩባንያዎች ከሚገኘው ገቢ የተወሰነው ክፍል በየዓመቱ ለትምባሆ መከላከያ ትምህርት እንዲውል አስገደደ። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ መልካም ሥራ በአንድ ባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሲቆም ከሰውየው ጋር አብሮ ሊያልፍ እንደሚችል፣ በሕግ ሲጸና ግን ዕድሜው እንደሚረዝም ነው።

ሌላው ፈተና ጠላቱ ልብሱን መለወጡ ነው። በቅርብ ዓመታት በባትሪ የሚሠራ፣ የፍራፍሬና የከረሜላ ጣዕም ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ በወጣቶች ዘንድ ተስፋፋ። በ2019 በአሜሪካ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 ከመቶ የሚሆኑት ይህን መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር። ጢስ ባይኖረውም ኒኮቲኑ ያው ነው። ከትምህርትና ከሕግ ቁጥጥር በኋላ በ2024 ቁጥሩ ወደ 7.8 ከመቶ ዝቅ ብሏል። እንግዲህ ዘመቻ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ሳይሆን፣ እንደ እርሻ አረም በየወቅቱ መነቀል የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

6. በአገራችን

በኢትዮጵያ የትምባሆ ተጠቃሚዎች ቁጥር ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከዐዋቂዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ከመቶ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም መዘናጋትን ሊያስከትል አይገባም። አብዛኛው ሕዝቧ ወጣት የሆነና ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያጨሱባት አገር ለትምባሆ ሻጭ ያልታረሰ መሬት ናት። በ2016 እና በ2017 አንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ከፍሎ በአገራችን የትምባሆ ድርጅት ውስጥ ከ70 ከመቶ በላይ ድርሻ መግዛቱ ይህንኑ ያመለክታል። ነጋዴ ያለ ተስፋ ገንዘቡን አያፈስም።

ቅጠሉ ግን በእጃችን አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ትምባሆን ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥን፣ በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ማጨስን፣ ትምባሆን ማስተዋወቅን ከልክሏል። ጣዕም የተጨመረባቸውን ትምባሆዎች፣ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራን አግዷል፤ የሲጋራ ፓኮም ሰፊ ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው አዟል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም የሲጋራን ቀረጥ ከፍ አድርጓል።

ሕግ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር እንደ ሌለ ይቆጠራል። በአንዳንድ ከተሞች ከሱቅ በደረቴና ከኪዮስክ ሲጋራ በፍሬ የሚገዛ ወጣት አለ። በሠፈርም ሕፃን ልጅን «ሂድና ሲጋራ ገዝተህ ና» ብሎ የሚልክ ዐዋቂ አይጠፋም፤ ልጁም መልእክት በመታዘዙ የተመሰገነ መስሎት ይሮጣል። በዚህ ዓይነት የሚያድግ ልጅ ሲጋራን እንደ ስኳርና እንደ ሻይ ቅጠል የቤት ዕቃ አድርጎ ቢቆጥረው አያስደንቅም።

እዚህ ላይ የተማሪው ድርሻ ይጀምራል። ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ክበብ ተደራጅተው በትምህርት ቤታቸው አካባቢ ትምባሆ የሚሸጥባቸውን ቦታዎች ሊመዘግቡና ለሚመለከተው ክፍል ሊያመለክቱ ይችላሉ። ባለሱቆችን በትሕትና ቀርበው ሕጉን ሊያስረዱ፣ በሰልፍ ሰዓት፣ በግድግዳ ጋዜጣና በድራማ ጓደኞቻቸውን ሊያስተምሩ ይችላሉ። ዓለም አቀፍ የትምባሆ መከላከያ ቀን የሚከበርበት ግንቦት 23 ለዚህ የተመቸ ዕለት ነው። ከፍሎሪዳ እንዳየነው ግን ሦስት ነገሮችን መዘንጋት አይገባም። መጀመሪያ፣ የሚነገረው ሁሉ በማስረጃ የተደገፈ ይሁን። ሁለተኛ፣ የሚያጨሰው ጓደኛ ጠላት ተደርጎ አይታይ፤ እርሱ የተያዘ እንጂ ያጠመደ አይደለምና፣ ለመተው በሚጥርበት ጊዜ የሚያበረታው ወዳጅ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ከተፈጸመ በኋላ ውጤቱ ይመዘን።

በማጠቃለያው፣ ትምባሆን መከላከል የሐኪምና የሕግ አስከባሪ ሥራ ብቻ አይደለም። የፍሎሪዳ ተማሪዎች ገንዘባቸው ከኩባንያዎቹ ገንዘብ፣ ዕድሜያቸውም ከኃላፊዎቹ ዕድሜ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ተባብረው፣ እውነትን ይዘው በመነሣታቸው በሺህ የሚቆጠሩ እኩዮቻቸውን ከሱስ አድነዋል። በአገራችን እሳቱ ገና አልተዛመተም። ቅጠሉን ለማንሣት የሚያመች ጊዜም አሁን ነው።

ጥያቄዎች

ሀ. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አነጋገር ከትምባሆ ጋር እንዴት እንደተያያዘ በራሳችሁ አገላለጽ አስረዱ።

ለ. የትምባሆ ኩባንያ ዐዋቂውን ትቶ ወጣቱን የሚሻበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

ሐ. የ«እውነት» ዘመቻ ከኩባንያው ማስታወቂያ ይልቅ የተሳካባቸውን ምክንያቶች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።

መ. «እርሱ የተያዘ እንጂ ያጠመደ አይደለም» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚገኙትን ግሦች አውጥታችሁ አድራጊና ተደራጊ መሆናቸውን ለዩ። ልዩነቱ ለመልእክቱ ምን ጥቅም ሰጠ?

ሠ. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ባለሱቅ ሕጉን እንዲያከብር የሚያስረዳ፣ በአክብሮት የተጻፈ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ አዘጋጁ።